ከባድ ሐሩራማ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ፦ የመንግሥት የኅብረተሰብ ጤናና የሕክምና ምላሽ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መታ። ለብዙ ወራት በመንግሥት መዝገብ ላይ የቆየው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት በተለመደው ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ የሞቱትን ሰዎች አስልቶ ቁጥሩን 2,975 ሲያደርሰው፣ የደሴቲቱ አስተዳደር በኦገስት 2018 ይህንኑ በይፋ ተቀበለ። ጣራ የተናደበትን ወይም ጎርፍ የወሰደውን ሰው መቁጠር አይከብድም። መብራት በመጥፋቱ ኦክስጅን የተቋረጠበት፣ መንገድ በመዘጋቱ ለኩላሊት እጥበት ያልደረሰ፣ ኢንሱሊኑ በሙቀት የተበላሸበት ሰው ግን በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ «አውሎ ነፋስ» የሚል ቃል አይጻፍለትም።

ይህ መመሪያ በጤና ሚኒስቴር፣ በክልልና በከተማ ጤና ቢሮ፣ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ኃላፊነት ላይ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሥራው ቅደም ተከተል የተመሠረተው ነፋሱ ካለፈ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚመጣው ሞት አብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻል ነው በሚለው እምነት ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አዛዡንና የውሳኔውን ቦታ መለየት

ነፋሱ ከበረደበት ሰዓት ጀምሮ የጤና ሚኒስቴሩ የድንገተኛ አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል በሙሉ ኃይሉ ሥራ መጀመር ይኖርበታል። ማዕከሉን የሚመራው ሰው በስም ተለይቶ ይታወቃል፤ መድኃኒትና ነዳጅ በመደበኛው የጨረታ ሂደት ሳይጠብቅ እንዲገዛ፣ ባለሙያዎችን ካልተጎዱ አካባቢዎች እንዲያዛውር፣ የግል የጤና ተቋማትንም ለጊዜው በምላሹ ውስጥ እንዲያሠራ የሚያስችለው ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠዋል። ሥልጣኑ በቃል ብቻ ከተሰጠ የመጀመሪያው የክፍያ ጥያቄ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ አጭር ስብሰባ ይደረጋል፤ የውሃ፣ የመብራት፣ የመንገድና የመገናኛ መሥሪያ ቤቶች ተወካዮችም ሊቀሩበት አይገባም፤ ምክንያቱም ሆስፒታልን ወደ ሥራ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን መንገድ ጠራጊውና የመብራት ሠራተኛው ነው።

በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ነገር ሐኪሙ፣ ነርሷና የመድኃኒት ባለሙያው ራሳቸው የአደጋው ተጎጂዎች መሆናቸው ነው። ቤታቸው ፈርሷል፤ ዘመዶቻቸው የት እንዳሉ አያውቁም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ትእዛዝ ለሠራተኞች መኝታ፣ ምግብ፣ የልጆች ማቆያና የመጓጓዣ ዝግጅት ማካተት አለበት፤ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ተተኪዎችም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ይመደባሉ። ይህን ያላደረገ ምላሽ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን የሚሠራ ሰው ያጣል።

ሁለተኛ፦ በ72 ሰዓት ውስጥ የቆመውንና የወደቀውን ማወቅ

ለእያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂትና አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሕንፃው ሰው ለማስገባት ያስተማምናል? ስንት ሠራተኛ ሥራ ላይ ተገኝቷል? ውሃ አለ? ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ነዳጁስ ለስንት ሰዓት ይበቃል? ኦክስጅን፣ ደም፣ ሴረምና መሠረታዊ መድኃኒቶች ለስንት ቀን ይበቃሉ? መንገዱ ለአምቡላንስ ክፍት ነው? ነዳጁ በሊትር ብቻ ሳይሆን በሰዓት መገለጹ ትንሽ ነገር ቢመስልም ለአስተባባሪው ትልቅ ትርጉም አለው፤ «400 ሊትር አለን» የሚለው መልስ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፣ «ለ9 ሰዓት ይበቃናል» የሚለው ግን ወዲያውኑ ትእዛዝ ያሰጣል።

ድምፁ የጠፋን አካባቢ ደኅና ነው ብሎ ማለፍ ከባድ ስሕተት ነው። ሃይያን የተባለው አውሎ ነፋስ በኖቬምበር 8 ቀን 2013 ፊሊፒንስን ሲመታ፣ ነፋሱ ገፍቶ ባመጣው የባሕር ውሃ እጅግ የተጎዳችው የታክሎባን ከተማ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት መስመር ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በካርታው ላይ ሪፖርት ያልመጣባቸው ቦታዎች በቀይ ይሰመርባቸዋል፤ የመጀመሪያው ጀልባ፣ ሄሊኮፕተር ወይም ሞተር ብስክሌትም ወደ እነርሱ ይላካል። የሳተላይት ስልክና የሬዲዮ መገናኛ አስቀድሞ ለየአካባቢው ካልተከፋፈለ፣ ማየት የሚችል ሰው በአካል ከመላክ ሌላ መንገድ የለም።

ሦስተኛ፦ ሕይወታቸው በመብራት ላይ የተንጠለጠለ ሰዎችን መድረስ

ከፍለጋና ከነፍስ አድን ሥራ ጎን ለጎን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መጀመር ያለበት ይህ ሥራ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሕመምተኞች በአብዛኛው በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ስላለባቸው ጥቂት ቀናት ማለፍ ለሞት ያደርሳቸዋል። በቤታቸው ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀሙ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ በማሞቂያ ውስጥ ያሉ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት፣ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ፣ አየር ማቀዝቀዣው በጠፋበት አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በሙቀቱ የተነሣ 12 ሰዎች ሞተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ከሕንፃው ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚሠራ ሆስፒታል እያለ መሆኑን ሳስበው ልቤ ይሰበራል።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። የእጥበት ማዕከላት፣ የኦክስጅን አቅራቢዎችና የጤና መድን ተቋማት የሕመምተኞቻቸውን ዝርዝር ከአድራሻ ጋር ለማዕከሉ ያስረክባሉ፤ ዝርዝሩ በምሥጢር ተይዞ ለዚህ ሥራ ብቻ ይውላል። ቡድኖች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ማን የት እንደሚዛወር በዚያው ቀን ይወሰናል። የሚሠራ ማዕከል ካነሰ ሐኪሞች የእጥበቱን ሰዓት አሳጥረው ለብዙ ሰው ማዳረስን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ይህ ውሳኔ ግን በአንድ ነርስ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ሳይሆን በማዕከሉ በጽሑፍ የሚሰጥ መሆን አለበት። ነዳጅ ሲከፋፈል ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀዶ ሕክምና፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ለእጥበትና ለውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣዎች ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየቱ ይመረመራል፤ ከዚህ የወጣው ክትባት ወዲያው ሳይጣል ለብቻው ተለይቶ፣ በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት መለያ ምልክት ታይቶ ይወሰናል።

ጄኔሬተር ራሱ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ በመሆኑ በተዘጋ ቤት፣ በጋራዥ ወይም በመስኮት ሥር ጄኔሬተር ያስነሡ ቤተሰቦች ተኝተው ሳይነቁ ይቀራሉ። መብራት በጠፋበት በመጀመሪያው ምሽት በሬዲዮ መነገር ያለበት መልእክት ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ፣ የከሰል ምድጃም ቤት ውስጥ እንዳይቀጣጠል የሚያስጠነቅቅ ነው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ይዞት የሚመጣ ቤተሰብ ሲያጋጥም፣ በተለይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ የድንገተኛ ክፍሉ ይህን መመረዝ አስቀድሞ ይጠርጥር።

አራተኛ፦ ቁስለኞችን ማከምና የሕክምና ቡድኖችን መቀበል

ከነፋሱ ይልቅ ጽዳቱ ብዙ ሰው ያቆስላል፤ ሰዎች ጣራ ሲጠግኑ ይወድቃሉ፣ በመጋዝ ይቆረጣሉ፣ ምስማር ይረግጣሉ፣ የወደቀ የመብራት ሽቦ ይነካሉ። በጎርፍ ውሃ የተበከለ ቁስል በንጹሕ ውሃ በብዛት ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይወገዳል፣ ከዚያም ሳይሰፋ ተሸፍኖ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይታያል። የቆሸሸ ቁስል ያለበትና የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ያለፈው ሰው ማጠናከሪያ ይሰጠዋል፤ ከ3 ጊዜ በታች የተከተበ ወይም መከተቡን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን (ወዲያው የሚከላከል የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልገዋል።

ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጡ የሕክምና ቡድኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በአንድ ቦታ መመዝገብ አለባቸው። ከሃይያን በኋላ ፊሊፒንስ ከ100 በላይ የውጭ የሕክምና ቡድኖችን ተቀብላለች፤ ይህን ያህል እንግዳ ያለ ምዝገባ ቢሠማራ አንዱ መንደር 3 ጊዜ ሲታከም ሌላው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ምደባ መሠረት የመጀመሪያው ዓይነት ቋሚ ቡድን በቀን ቢያንስ 100 ተመላላሽ ሕመምተኞችን ያያል፤ ሁለተኛው ዓይነትም 100 ተመላላሾችን ከማየቱ በላይ ቢያንስ 20 አልጋዎችና የቀዶ ሕክምና አገልግሎት አሉት፤ ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ የሪፈራል ሕክምና ይሰጣል። ሲመዘገቡ ዓይነታቸው፣ የሙያ ፈቃዳቸው፣ ራሳቸውን የሚችሉበት ቀን ብዛትና የሚወጡበት ቀን ይጻፋል። ውሃና ምግብ ከተጎጂው ሕዝብ የሚጋራ ቡድን በትሕትና ቢመለስ ይሻላል።

እኔ በበኩሌ፣ ድንኳን ሆስፒታል ከመትከል በፊት የተጎዳውን ጤና ጣቢያ ጣራ በሸራ ሸፍኖ፣ ጄኔሬተርና የውሃ ጋን አስገብቶ፣ ሠራተኞቹን ወደ ሥራ መመለስ እንዲቀድም አጥብቄ እመክራለሁ። ድንኳኑ ከወር በኋላ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡሯ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስደው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን መንገዱን የሚያውቀው ወደ ጤና ጣቢያው ነው። ለእነዚህ ሕመምተኞች ማዘዣ ወረቀታቸው ቢጠፋም የ30 ቀን መድኃኒት እንዲሰጣቸው የሚፈቅድ ጊዜያዊ መመሪያ በመጀመሪያው ሳምንት ይውጣ። በእርዳታ የሚላክ መድኃኒት የተጠየቀ፣ በሚነበብ ቋንቋ ምልክት የተደረገበትና ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው ካልሆነ መጋዘን ከማጨናነቅ በስተቀር ጥቅም የለውም።

አምስተኛ፦ ውሃና መጸዳጃ

በሰብዓዊ እርዳታ ሥራ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ሁሉ ማለት ነው። ሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ የኮሌራ ሕክምና ማዕከል 60 ሊትር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የሚታየው ግን ጥራት ነው ወይስ ብዛት? ሁለቱንም ማሟላት ባልተቻለበት ሰዓት በመጠኑ የተጣራ ብዙ ውሃ፣ እጅግ ከተጣራ ጥቂት ውሃ ይበልጣል፤ ሰው እጁን የሚታጠብበት ውሃ ካጣ የጠጣው ንጹሕ ብርጭቆ ብቻውን አያድነውም።

በክሎሪን የታከመ ውሃ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሚቀዳበት ቦታ ላይ ሲለካ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል፤ ወረርሽኝ ካለ ከ0.5 በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው አስቀድሞ ማጥለል ወይም ማዝቀጥ ግድ ነው። ልኬቱ በየቀኑ በቦቴው፣ በቦኖው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቤቱ ጀሪካን ላይ ይወሰዳል፤ ከቦኖው ንጹሕ የወጣ ውሃ በቆሸሸ ጀሪካን እንደሚበከል ብዙ የመስክ ሠራተኛ ያውቃል። ጎርፍ የገባባቸው ጉድጓዶች ተቀድተው ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ይጸዳሉ፣ በክሎሪን ይታከማሉ፣ ተመርምረው እስኪፈቀድ ድረስም ምልክት ይደረግባቸዋል።

በመጠለያዎች ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታገሡታል፤ ቶሎ ብሎ ግን ወደ 20 ሰው መውረድ አለበት። የሴቶችና የወንዶች ተለይቶ፣ ከውስጥ የሚቆለፍና ሌሊት መብራት ያለው ይሁን። መብራትና መቆለፊያ የሌለው መጸዳጃ ቤት ሴቶችን ለጥቃት ያጋልጣል፤ ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ ሴቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ በሽታ ሳይዛመት ማየት

በሞዛምቢክ የሆነውን በቀን ቆጥሮ ማየት ይጠቅማል። ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የቤይራን ከተማ የመታው በማርች 14 ቀን 2019 ሌሊት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኮሌራ ሕመምተኞች በማርች 27 ተረጋገጡ፤ በኤፕሪል 3 የሚዋጥ የኮሌራ ክትባት ዘመቻ ተጀመረ፤ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜም ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ተከተቡ። በሽታው ሲረጋገጥና ክትባቱ ሲጀመር መካከል ያለው 7 ቀን ብቻ መሆኑ የዕድል ጉዳይ አልነበረም፤ ክትባቱ ከዓለም አቀፉ ክምችት እንዲመጣ የሚያስችለው ሥራ ቀድሞ በመጀመሩ ነው። ከዚህ የምንወስደው፣ የክትባት ጥያቄው ቅጽ፣ የሕዝብ ቁጥሩና የሥርጭት ዕቅዱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመታየቱ በፊት ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ነው።

የማስጠንቀቂያ ቅኝቱ ከ8 እስከ 12 በሚደርሱ በሽታዎችና ምልክቶች ብቻ ይወሰን፤ ዝርዝሩ ሲረዝም የደከመች ነርስ አትሞላውም። አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ አጣዳፊ የመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ወባና ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) በሚገኙበት አካባቢ እነርሱ፣ የዓይን ቢጫነት፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና የተደራረበ ሞት በቂ ናቸው። ምንም ሕመምተኛ ያላየ ተቋምም «ዜሮ» ብሎ በየቀኑ ያሳውቃል፤ ዜሮና ዝምታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን በ24 ሰዓት፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ይገኛል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ሕክምናው ግን የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም።

ለተቅማጥ የሚያድነው ነገር ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ቅርበት ብቻ ነው። በየመንደሩና በየመጠለያው የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ የሚጠጣ ድብልቅ) መስጫ ነጥቦች ይከፈታሉ፤ የታሸገው ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። እጅግ ለደረቀ ሕመምተኛ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ሪንገርስ ላክቴት በክብደቱ ልክ በኪሎ 30 ሚሊሊትር በ30 ደቂቃ፣ ቀጥሎም በኪሎ 70 ሚሊሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ በደም ሥር ይሰጠዋል። በሚገባ የተደራጀ የኮሌራ ሕክምና ከ100 ሕመምተኞች የሚሞቱትን ከ1 በታች ያደርሳል፤ ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ ሰዎች ዘግይተው እየደረሱ ነው ማለት ነውና የሕክምናው ነጥብ ወደ እነርሱ መቅረብ አለበት።

ሌፕቶስፓይሮሲስን ብዙ ሐኪም ይዘነጋዋል። በአይጥ ሽንት በተበከለ የጎርፍ ውሃ ውስጥ የተራመደ ሰው ከ2 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ በትኩሳት፣ በጡንቻ ሕመምና በዓይን መቅላት ይታመማል፤ በቶሎ ደንጊ ወይም ወባ ይመስላል፣ ሲዘገይም ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል። በጎርፍ ውስጥ ለሚሠሩ የነፍስ አድን ሠራተኞች ቦት ጫማ ይሰጣል፤ ሐኪም ሲወስን ደግሞ በሳምንት 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን ለመከላከያ ይታዘዛል።

ሰባተኛ፦ ትንኝ በጊዜው

ነፋሱና ጎርፉ በመጀመሪያ የትንኝ መራቢያዎችን ጠርጎ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት በአየር ላይ የሚረጭ ኬሚካል ብዙ ጥቅም አይሰጥም፤ ሕዝቡ መንግሥት እየሠራ እንደሆነ እንዲያይ ካልሆነ በስተቀር። ውሃው ሲረጋ አዲስ ትንኝ በአንድ ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ የወባ ቁጥርም ከሳምንታት በኋላ ይጨምራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጊዜ አንሥቶ በመጠለያዎች አጎበር ማደል፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ውሃ ያቆሩ ጎማዎችን፣ በርሜሎችንና ፍርስራሾችን ማስወገድ፣ ፈጣን የወባ ምርመራና መድኃኒት ቀድሞ ማስገባት ይቀድማል።

ስምንተኛ፦ በመጠለያ ያሉ ሰዎች

ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ያነሰበት መጠለያ ለኩፍኝ ምቹ ነው። የክትባት ሽፋን ዝቅተኛ በሆነበት አካባቢ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ ይከተባሉ፤ ቫይታሚን ኤም አብሮ ይሰጣል፤ 9 ወር ሳይሞላቸው የተከተቡ ሕፃናት ጊዜያቸው ሲደርስ እንደገና ይከተባሉ። የክንድ ዙሪያ ልኬታቸው ከ115 ሚሊሜትር በታች የሆነ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ለአጣዳፊና ከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ይላካሉ። የዱቄት ወተት በጅምላ ማደል ግን ጉዳት አለው፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ቦታ የጡት ወተት የለመደ ሕፃን ለተቅማጥ ይዳረጋል። አጥቢ እናቶች የሚያርፉበት ጥግና የሚያማክራቸው ሰው ይዘጋጅላቸው።

በድንገት ምጥ የያዛት ሴት ወዴት እንደምትወሰድ፣ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የት እንደምታገኝ በእያንዳንዱ መጠለያ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ይመደብ። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ማለት ሰዎችን አስገድዶ ስለደረሰባቸው ማናገር ሳይሆን ማዳመጥ፣ ማረጋጋትና ከቤተሰባቸው ጋር ማገናኘት ነው፤ ቀድሞ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሰዎች መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ መከታተልም የዚሁ አካል ነው።

ዘጠነኛ፦ ሙታንን ማክበርና በትክክል መቁጠር

በአደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ ያስነሣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ሰዎቹ የሞቱት በጉዳት ወይም በመስጠም እንጂ በተላላፊ በሽታ አይደለም፤ የአስከሬን አንሺዎች ጓንትና ቦት ጫማ ይበቃቸዋል። በፍርሃት ተገፍቶ በጅምላ መቅበር ግን ቤተሰብን ዕድሜ ልክ ይጎዳል፤ የሞት ማስረጃ ያላገኘች ሚስት ውርስም ጡረታም አታገኝም። እያንዳንዱ አስከሬን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፊቱና ልብሱ ፎቶ ይነሣል፣ የተገኘበት ቦታ ይጻፋል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለም በየቁጥሩ ተለይቶ ለጊዜው ይቀበራል። በኮሌራ ለሞተ ሰው ግን የተለየ የንጽሕና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሞት የምስክር ወረቀት የሚሞሉ ሐኪሞች በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ሥልጠና ይሰጣቸው፤ ሞቱ ከመብራት መጥፋት፣ ከሕክምና መቋረጥ፣ ከጄኔሬተር ጭስ ወይም ከጽዳት ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ በወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጽፉ ይታዘዙ። የሲቪል ምዝገባው መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ የሞቱትን ሁሉ ቁጥር ለጤና ሚኒስቴሩ ይልካል፤ ሚኒስቴሩም ቁጥሩን ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወራት ጋር ያነጻጽራል፣ ከአካባቢው የተፈናቀለውንም ሕዝብ ከስሌቱ ውስጥ ያስገባል። የፖርቶ ሪኮው ጥናት የተመለከተው ከሴፕቴምበር 2017 እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ያለውን ጊዜ ነበር። ማስተባበሪያ ማዕከሉ ቢዘጋ እንኳ ይህ ንጽጽር ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል፤ ውጤቱም በዕድሜ፣ በጾታና በአካባቢ ተለይቶ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጻል።